የፍሪሜሶን ምልክቶችን በግንበኛ መሣሪያ ማስተማር፦ ለመምህራንና ለክበብ መሪዎች የግማሽ ቀን መመሪያ

ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ ወይም ሰበታ የሚያስተምር የታሪክ መምህር «ፍሪሜሶን ምንድን ነው? ያ ኮምፓስና ስኳድራ ያለበት ምልክትስ?» የሚል ጥያቄ ሳይደርሰው አይቀርም። ተማሪው ጥያቄውን ያገኘው ከቲክቶክ ወይም ከቴሌግራም ነው። መምህሩ «ተወው፣ የሰይጣን ነገር ነው» ብሎ ከሸኘው ልጁ ወደ ስልኩ ይመለሳል፤ እዚያ የሚጠብቀው ደግሞ ወይ ማስፈራሪያ ነው፣ ወይ ገንዘብ የሚጠይቅ አጭበርባሪ። ስለዚህ ጥያቄው በትክክል መመለስ አለበት። በአጭሩ፣ ፍሪሜሶን የግንበኛን ሙያ የምግባር ምሳሌ ያደረገ የወንድማማችነት ማኅበር ነው፤ በምልክቱ ላይ ያለው ኮምፓስ ክብ መሳያው፣ ስኳድራውም ግንበኛ ማዕዘን የሚለካበት ነው።

በእነዚህ ሰፈሮች ለዚህ የሚሆን መልካም አጋጣሚ አለ፤ ግንባታ በየአጥሩ ነው። ፍሪሜሶኖች ምልክት ያደረጓቸው ከሞላ ጎደል ማንኛውም ግንበኛ በየቀኑ የሚይዛቸውን ዕቃዎች ስለሆነ፣ ትርጉሙን ለመረዳት አጭሩ መንገድ መሣሪያውን ይዞ መሥራት ነው። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፦ መጀመሪያ መሣሪያው፣ ከዚያ ትርጉሙ፣ ከዚያ ታሪኩ፣ ወሬው መጨረሻ ላይ። ከወሬው ከጀመራችሁ ተማሪው ስኳድራውን በጥርጣሬ ማየት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የምትሉት ነገር ጆሮው አይገባም።

መመሪያው ከ15 እስከ 20 ለሚሆኑ የ2ኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ላለው ጊዜ የተዘጋጀ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት የታሪክ ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሳምንት በፊት የሚያልቅ ሥራ

ለወላጆች ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ላኩ። ትምህርቱ የታሪክና የምልክት ንባብ እንጂ ለአባልነት ጥሪ እንዳልሆነ በግልጽ ይጻፍ። «የእኛ ሃይማኖት ምን ይላል?» የሚል ወላጅ ከመጣ ወደ ራሱ የሃይማኖት አባት ምሩት፤ በእነሱ ቦታ ሆናችሁ አትመልሱ። በይፋ ተመዝግቦ ያለውን ግን መንገር ትችላላችሁ፦ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ፍሪሜሶንነትን በ1738 በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 12ኛ አማካይነት አውግዛለች፤ በ1983 አቋሟ እንዳልተለወጠ አረጋግጣለች፤ በኅዳር 2023ም ደግማዋለች።

አንድ ልምድ ያለው ግንበኛ ጋብዙ። የቀን አበሉንና ትራንስፖርቱን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው የምታስፈቱት። ስለ ፍሪሜሶን እንዲያወራ አትጠይቁት፤ የመጣው ስለ ሙያው ሊያስተምር ነው። ተማሪዎቹም «ጋሼ» ብለው በአክብሮት ይጠይቁት እንጂ በምልክቱ ወሬ አያፋጡት።

ዕቃዎቹ እነዚህ ናቸው። ክንዱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስኳድራ፣ ቱንቢ፣ ውሃ ልክ፣ 5 ሜትር የብረት ሜትር፣ 15 ሜትር ሲባጎ፣ 4 ችካል፣ መዶሻ፣ የድንጋይ መሮ፣ የግንበኛ ማንካ፣ አንድ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ፣ ቀጭን ጫፍ ያለው እርሳስ፣ ለጥቁር ሰሌዳ የሚያገለግለው ትልቁ የእንጨት ኮምፓስ፣ አንድ ባልዲ ውሃ። ከሞራሌ ቁራጭ ላይ 61 ሴንቲ ሜትር አስቆርጡና በየ20.3 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉበት። በመጨረሻም ሁለት ድንጋይ፦ አንዱ ከካባ እንደወጣ ያልተጠረበ፣ ሌላው በየመንገዱ የሚነጠፈው ኮብልስቶን። በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጥቁር ድንጋይ ኮብልስቶን 3 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የሚጎድለው ስለሆነ ተማሪው በአንድ እጁ ይዞ ሊመረምረው ይችላል።

ስኳድራ፦ መሣሪያውን ራሱን መፈተን

ብዙ ሰው ስኳድራ ግድግዳን ይፈትናል እንጂ ስኳድራው ራሱ እንደሚፈተን አያውቅም። የኮምፔንሳቶው ጠርዝ ቀጥ ያለ መሆኑን በተወጠረ ሲባጎ አረጋግጡ። የስኳድራውን አንድ ክንድ ጠርዙ ላይ አስደግፉና በሌላኛው ክንድ አጠገብ መስመር አስምሩ። ከዚያ ስኳድራውን ገልብጡት፤ ማዕዘኑ እዚያው ነጥብ ላይ ይረፍ፤ እንደገና አስምሩ። ሁለቱ መስመሮች ከተጋጠሙ መሣሪያው ትክክል ነው። ጫፍ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ከተከፈቱ የስኳድራው ስሕተት ግማሹ ነው፤ ማለትም በ60 ሴንቲ ሜትር ላይ 2 ሚሊ ሜትር። ፈተናው የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው፦ እርሳሱ ወፍራም ሲሆን፣ ወይም በስኳድራው ውስጠኛ ማዕዘን የደረቀ ሲሚንቶ ሲኖር። ከመጀመራችሁ በፊት በመሮ ጫፍ ፍቁት።

አሁን ትርጉሙን ንገሯቸው። በፍሪሜሶን ሎጅ፣ ማለትም አባላቱ በሚሰበሰቡበት የማኅበሩ ቅርንጫፍ፣ ስኳድራ በሰብሳቢው አንገት ላይ የሚንጠለጠል ምልክት ነው፤ ሥራህ እንደ 90 ዲግሪ ማዕዘን ያልተዛነፈ ይሁን ማለት ነው። ተማሪዎቹ ስኳድራው ራሱ ሲፈተን ስላዩ፣ ሌላውን የሚለካ ሰው አስቀድሞ ራሱን መለካት አለበት የሚለውን ነጥብ ራሳቸው ያወጡታል፤ ዕድሉን ስጧቸው።

ሦስት፣ አራት፣ አምስት

ወደ ግቢው ውጡ። አንድ ችካል ምቱ። ከእሱ በአንድ አቅጣጫ 3 ሜትር፣ ወደ ጎን ደግሞ 4 ሜትር ለኩና ሁለት ችካሎች ምቱ። በሁለቱ መካከል ያለው ሰያፍ ልክ 5 ሜትር እስኪሆን ድረስ የ4 ሜትሩን ችካል ርቀቱን ጠብቃችሁ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አንቀሳቅሱት። 5 ሜትር ሲሞላ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው። ልኬቱን በሲባጎ አትውሰዱ፤ ናይለኑ ሲወጠር ይለጠጣል። ሲባጎው መስመር ለማሳየት ነው፣ ቁጥሩ ከብረት ሜትር ይነበብ።

ተማሪዎቹ «ለምን በትንሹ በ60፣ 80 እና 100 ሴንቲ ሜትር አንሠራውም?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ሥሩት። በትልቁ ሦስት ማዕዘን ሰያፉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ብትሳሳቱ 10 ሜትር ርዝመት ያለው ግድግዳ መጨረሻው ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። በትንሹ ሦስት ማዕዘን ያው 1 ሴንቲ ሜትር ስሕተት 21 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስወጣዋል። ክፍሉ የተዛባበትን ቤት የሚያውቅ ሁሉ ይህ ይገባዋል፤ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮው ሲመታ ነው የሚታየው።

ይህ የፒታጎረስ ሕግ፣ በጥንቱ የግሪክ የሒሳብ ሊቅ በኤውክሊድ አንደኛ መጽሐፍ 47ኛው ሐሳብ የሚባለው፣ ፍሪሜሶኖች አጥብቀው የያዙት ምልክት ነው። በ1723 ጄምስ አንደርሰን ያዘጋጀው የለንደን ሕገ ደንብ ሲታተም ሥዕሉ በመክፈቻው ገጽ ላይ ነበር። በእንግሊዝም የቀድሞ ሰብሳቢ የሚሸለመው ምልክት ስኳድራ ሆኖ ይህ የሦስት ማዕዘን ሥዕል የተንጠለጠለበት ነው። ተማሪው ኢንተርኔት ላይ ሦስት ካሬዎች የተያያዙበት ሦስት ማዕዘን አይቶ «ምስጢራዊ ማኅተም» ከተባለ፣ ያየው ግቢ ውስጥ በችካል የሠራውን ነው።

ውሃ ልክና ቱንቢ

ውሃ ልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና አረፋው የት እንደቆመ አስተውሉ፤ ከዚያ ቦታውን ሳትለቁ ግራ ጫፉን ወደ ቀኝ አዙሩት። አረፋው መጀመሪያ ከመስመሮቹ ወደ ግራችሁ ሆኖ አሁን ወደ ቀኛችሁ ከሄደ (ወይም በተቃራኒው) የተዛባው ጠረጴዛው ሳይሆን መሣሪያው ነው። በእነዚህ ተዳፋት ሰፈሮች መሠረት ሲወጣ ለረጅም ርቀት ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ በውሃ ሞልቶ መጠቀም ይሻላል። ቱቦው ውስጥ አየር ከቀረ፣ ወይም አንደኛው ጫፍ በአውራ ጣት ከተደፈነ የውሃው ከፍታ ይዋሻል፤ ሁለቱም ጫፎች ክፍት ይሁኑ፣ ውሃው እስኪረጋም ጠብቁ።

በሎጅ ውስጥ ውሃ ልክ የእኩልነት ምልክት ነው፤ ሀብታምና ድሃ፣ ባለሥልጣንና ሠራተኛ በአንድ ደረጃ ይቆማሉ ማለት ነው። ቱንቢ ደግሞ ቀጥ ብሎ የመቆም። እዚህ ላይ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በፍሪሜሶን ሥዕል ላይ ውሃ ልኩ አረፋ የለውም፤ የጥንቱ ዓይነት ነው፤ ሰፊ መቀመጫ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት ቆሞ ከጫፉ ክር ይንጠለጠላል። ስለዚህ ከቱንቢው ጋር ይመሳሰላል። መለያው መቀመጫው ነው፦ ሰፊ መሠረት ካለው ውሃ ልክ፣ ጠባብና ረጅም ሳንቃ ብቻ ከሆነ ቱንቢ ነው።

ቱንቢውን ከግድግዳ ላይ ስታንጠለጥሉ ነፋስ ያወዛውዘዋል፤ በተለይ በሱሉልታና በእንጦጦ ወገን ከረፋድ በኋላ ንፋሱ ይበረታል። ግንበኛው መፍትሔውን ያሳያችኋል፦ ቱንቢውን ባልዲ ውስጥ ካለ ውሃ ይንከሩት፤ ከታቹ እንዳይነካ ብቻ ጠብቁ። ውሃው ውዝዋዜውን ይይዘዋል፤ ክሩ በትንሽ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህን ሲያዩ ትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 7 ይነበብ፤ ጌታ ቱንቢ ይዞ በቅጥር ላይ ቆሞ የታየበት ነው። በአሜሪካ ሎጆች በሁለተኛው የአባልነት ደረጃ ሥርዓት ላይ የሚነበበውም ይኸው ክፍል ነው።

ሁለቱ ድንጋዮች፣ ልኩና ኮምፓሱ

ያልተጠረበውን ድንጋይና ኮብልስቶኑን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ግንበኛው በመዶሻና በመሮ ጥቂት ይጥረብ፤ ፍንጣሪው ዓይን ስለሚጎዳ መነጽር ያድርግ፣ ተማሪዎችም 3 ሜትር ይራቁ። ፍሪሜሶኖች ሻካራውን ድንጋይ ገና ያልተማረ ሰው፣ የተጠረበውን ራሱን ያረመ ሰው ይሉታል፤ በየሎጃቸውም ሁለቱ ድንጋዮች ይቀመጣሉ። ድንጋዩ ላይ የሚጨመር ነገር እንደሌለ፣ ሥራው ሁሉ ማንሳት እንደሆነ ተማሪዎቹ ከፍንጣሪው ይዩት።

61 ሴንቲ ሜትሩ እንጨት 24 ኢንች ነው። አንዱ ኢንች አንድ ሰዓት፤ ሦስቱ ክፍሎች በአሜሪካው ሥርዓት እያንዳንዳቸው 8 ሰዓት ናቸው፦ ለፈጣሪና የተቸገረን ለመርዳት፣ ለሥራ፣ ለዕረፍት። ኮምፓሱ ፍላጎትን በልክ መገደብን ያሳያል፤ አንዱ እግር ተተክሎ ሌላው ከክብቡ አይወጣም።

ማንካው ላይ ግራ መጋባት ይመጣል። በአሜሪካ ሎጆች የሦስተኛው ደረጃ ዋና መሣሪያ ማንካ ነው፤ ወንድማማችነትን የሚያያይዝ ሲሚንቶ ማለታቸው ነው። በእንግሊዝ ግን የሦስተኛው ደረጃ መሣሪያዎች መስመር መጣያ የክር መጠቅለያ፣ እርሳስና ኮምፓስ ናቸው። ተማሪው ሁለት የተለያዩ ዝርዝሮች ካገኘ አንዱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ለዓለም ሁሉ የሚያዝ አንድ ማዕከል ስለሌለ እያንዳንዱ አገር የራሱን ሥርዓት ይዟል።

ቀጥሎ ኮምፓሱንና ስኳድራውን ጠረጴዛ ላይ አደራርቡ። ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው፦ ጀማሪ ተለማማጅ፣ የሙያ ባልደረባ፣ ሊቅ ግንበኛ። በመጀመሪያው ሁለቱም የኮምፓስ ጫፎች ከስኳድራው ሥር ናቸው። በሁለተኛው አንዱ ጫፍ ከላይ ይወጣል። በሦስተኛው ሁለቱም ከላይ ናቸው። መካከል ላይ የሚታየው የእንግሊዝኛ ፊደል ጂ ፈጣሪንና ጂኦሜትሪን ይወክላል፤ በብዛት የሚታየው እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ውስጥ ነው።

ታሪኩ በ20 ደቂቃ

ከዚህ በላይ አትርዘሙ፤ ልጆቹ ደክመዋል። በስኮትላንድ የንጉሡ የግንባታ ኃላፊ ዊልያም ሾው በ1598 እና በ1599 ለግንበኞች ሎጆች ደንብ አወጣ። የኤዲንብራ ሎጅ ቃለ ጉባኤ ከ1599 ጀምሮ አለ። በ1646 ኤሊያስ አሽሞል የተባለ ምሁር፣ ድንጋይ ጠርቦ የማያውቅ ሰው፣ በእንግሊዝ ዋሪንግተን ከተማ የሎጅ አባል ሆኖ ገባ፤ በማስታወሻ ደብተሩም ጻፈው። ሙያው ወደ ምሳሌ ሲቀየር የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በለንደን አራት ሎጆች ተባብረው ታላቅ ሎጅ መሠረቱ።

የሰሎሞን ቤተ መቅደስ ጉዳይ ለእኛ ተማሪ ቅርብ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም በሉ። አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 7 ላይ ያሉት ያቁምና ቦዔዝ የሚባሉት ሁለት ዓምዶች በሎጅ ውስጥ ይታያሉ። የመበለቲቱ ልጅ ኪራምም እዚያው ምዕራፍ ላይ አለ፤ የናስ ሥራ አዋቂ ነበር። በፍሪሜሶን ሥርዓት ግን ኪራም የቤተ መቅደሱ ዋና ግንበኛ ሆኖ ምስጢር አላወጣም በማለቱ ይገደላል። ይህ ግድያ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ተማሪዎቹ ምዕራፉን ራሳቸው አንብበው ያረጋግጡ፤ 10 ደቂቃ ይበቃል፣ በመምህር ቃል ከመቀበልም ይሻላል።

ወሬውን መለየት

ካርቶን ላይ አረፍተ ነገሮች ጽፋችሁ ለቡድን አድሉ። ሦስት ክምር ይኑር፦ የተረጋገጠ፣ አከራካሪ፣ ውሸት። ተማሪው መልሱን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ይናገር። እኛ የምንመርጣቸው እነዚህ ናቸው።

«ታላቁ ሎጅ የተመሠረተው ሰኔ 24 ቀን 1717 ነው»፦ አከራካሪ። ለረጅም ጊዜ የታመነው ይህ ነው፤ ነገር ግን የታሪክ ተመራማሪዎቹ አንድሩ ፕሬስኮትና ሱዛን ሚቼል ሶመርስ ታሪኩ በኋላ የተጻፈ እንደሆነና እውነተኛው ዓመት 1721 እንደሚመስል ተከራክረዋል። ክርክሩ በራሳቸው በፍሪሜሶኖቹ ዘንድም ሞቅ ያለ ነው።

«ፍሪሜሶኖች ሰይጣን እንደሚያመልኩ የቀድሞ አባል መስክሯል»፦ ውሸት። ሊዮ ታክሲል የተባለ ፈረንሳዊ ለዓመታት እንዲህ ያሉ ታሪኮችን ሲያትም ቆይቶ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1897 ፓሪስ ውስጥ በሰው ፊት ሁሉንም የፈጠረው እሱ መሆኑን ተናገረ። የእሱ ፈጠራ ዛሬም በአማርኛ ቪዲዮዎች ላይ እየተተረከ ነው።

«ኢሉሚናቲ ነበር»፦ የተረጋገጠ። አዳም ቫይስሃፕት ይህን ምስጢራዊ ማኅበር በ1776 በባቫሪያ (በዛሬዋ ደቡብ ጀርመን) መሠረተው፤ መንግሥት በ1784 እና በ1785 ባወጣው እገዳ ፈረሰ። ዛሬም ዓለምን ይገዛል የሚለው ግን ወደ ሦስተኛው ክምር ይሄዳል።

«በዶላር ላይ ያለው ዓይን ከፍሪሜሶን የመጣ ነው»፦ ውሸት፤ ግን ረጅም ክርክር ያስነሳል። ዓይኑ በአሜሪካ ማኅተም ላይ የገባው በ1782 ሲሆን፣ በአሜሪካ የፍሪሜሶን መጽሐፍ ላይ የታተመው በ1797 ነው። ከሁለቱም በፊት በአውሮፓ የክርስቲያን ሥዕል ላይ ነበር።

«ሎጅ ለወንጀል መሸፈኛ ሆኖ ያውቃል»፦ የተረጋገጠ። ይህን ካርድ አታስቀሩ፤ ካስቀራችሁት ተማሪው እንደምትከላከሉላቸው ያስባል። በጣሊያን ፒ 2 የተባለው የሊቾ ጄሊ ሎጅ በ1976 «ታላቅ ምሥራቅ» በሚባለው የአገሩ ፍሪሜሶኖች የበላይ አካል ታግዶ ሳለ በድብቅ ቀጠለ፤ መጋቢት 1981 ፖሊስ 962 ስሞች ያሉበት ዝርዝር አገኘ፤ መንግሥት ወደቀ፤ በ1982 ደግሞ ምስጢራዊ ማኅበራትን የሚከለክል ሕግ ወጣ።

«ሴትና ጥቁር አይገቡም»፦ ግማሹ እውነት። የእንግሊዝ ታላቅ ሎጅ ወንዶችን ብቻ ይቀበላል፤ ነገር ግን በ1893 ማሪያ ደሬም ፈረንሳይ ውስጥ ሴትና ወንድ አብረው የሚገቡበትን ማኅበር መሠረተች፤ በእንግሊዝም የሴቶች ብቻ ማኅበራት አሉ። ፕሪንስ ሆል የተባለ ነጻ ጥቁር በ1775 ቦስተን ውስጥ ከ14 ባልንጀሮቹ ጋር ገባ፤ ከ1784ቱ ፈቃዳቸው የተነሣው የጥቁር አሜሪካውያን ፍሪሜሶንነት እስከ ዛሬ አለ።

ዛሬ ያሉት ድምፆችም አንድ ዓይነት አይደሉም። በ2018 የእንግሊዙ ታላቅ ሎጅ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴቪድ ስቴፕልስ በጋዜጦች ላይ ባወጣው ግልጽ ደብዳቤ አባሎቻችን ያለአግባብ እየተፈረጁ ነው ብሏል፤ የለንደኑ አዳራሻቸውም ለጎብኚ ክፍት ነው። ተቺዎች ደግሞ መጠቃቀምን ያነሳሉ፤ ዳኛና ፖሊስ አባልነቱን ይግለጽ የሚል ጥያቄ በብሪታንያ ደጋግሞ ተነሥቷል። ሁለቱንም አንብቡላቸው።

በሰፈር ውስጥ ሲዞሩ

ተማሪዎች ከትምህርቱ በኋላ በየበሩ ምልክት መፈለግ ይጀምራሉ። የፍሪሜሶን ምልክት የሚባለው ኮምፓሱ እግሩን ወደ ታች ዘርግቶ፣ ስኳድራው ማዕዘኑን ወደ ታች አድርጎ፣ ሁለቱ ተጠላልፈው ሲታዩ ነው። በአንድ የኮንስትራክሽን ድርጅት ታፔላ ላይ ኮምፓስ ብቻውን ካለ የመሐንዲስ ዕቃ ነው። በብረት በር ላይ ያለ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ አገራችን ለረጅም ዘመን የምታውቀው የሰሎሞን ኮከብ ነው። የሰው በር ፎቶ እንዳያነሱ፣ ባለቤቱን እንዳይጠይቁ፣ ስሙን ቴሌግራም ላይ እንዳያወጡ አጥብቃችሁ ንገሯቸው፤ በሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ስም አንዴ ከወጣ አይመለስም።

ወደ አጭበርባሪው እንምጣ። «ፍሪሜሶን ሁን፣ በሳምንት ሚሊየነር ትሆናለህ» የሚል መልእክት ተማሪው ስልክ ላይ ይገባል፤ ቀጥሎ «የምዝገባ» ገንዘብ በቴሌብር ይጠየቃል፤ ከተከፈለ በኋላ «የቀለበት»፣ «የማጓጓዣ» እየተባለ ይቀጥላል፤ ተጎጂው ሲያቆም ማስፈራራት ይመጣል። እውነተኛ ሎጅ ሀብት ቃል አይገባም። አመልካቹ ለአካለ መጠን የደረሰ፣ በአብዛኞቹ ሎጆችም በፈጣሪ የሚያምን መሆን አለበት፤ በአካል ተገናኝተው ያነጋግሩታል፤ አባላት በድምፅ ይወስኑበታል። መዋጮ አለ፤ የሚመጣው ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መልእክት የደረሰው ተማሪ አይመልስ፣ የመታወቂያ ፎቶ አይላክ፣ መልእክቱን ሳያጠፋ ስክሪንሹት ይያዝ። ገንዘብ ልኮ ከሆነ በዚያው ሰዓት ለቴሌብር ወይም ለባንኩ ያሳውቅ፣ ከወላጁ ጋር ወደ ፖሊስ ይሂድ። አፍሮ ዝም እንዳይል መምህሩ በር ይክፈትለት።

ክረምት ላይ ከሆነ

ከሰኔ እስከ መስከረም ግቢው ጭቃ ስለሆነ ችካል አይጸናም። የሦስት፣ አራት፣ አምስቱን ሥራ በክፍል ወለል ላይ በጠመኔ ሥሩት፤ ቦታ ከጠበበ በ1.5፣ 2 እና 2.5 ሜትር ይበቃል፤ ልኬቱ ግን እስከ ሚሊ ሜትር ይነበብ። ቱንቢው ከጣሪያ ማገር ላይ ይንጠልጠል። ድንጋይ መጥረቡ በረንዳ ላይ ይሁን፤ ፍንጣሪው በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ከተያዘ ለመጥረግ ቀላል ነው።